የሸክላ ውሃ ማጣሪያ ገዛሁ፤ «የመድኃኒት ቅሪት ያወጣል» የሚለውን ግን ፈትሼ ነው የምነግራችሁ

ጅማ መርካቶ አካባቢ ካለ የቤት ዕቃ ሱቅ የሸክላ ውሃ ማጣሪያ ከገዛሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን ልጻፈው አልኩ። ከመጀመሪያው ልናገር፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ዛሬም እየጠጣሁበት ነው። አብሮት በሚሰጠው ወረቀት ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ልክ አይደለም፣ እሱን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ወረቀቱ ላይ «ጀርምን፣ ደለልንና የመድኃኒት ቅሪትን መቶ በመቶ ያጠራል» የሚል ሳነብ እጄ ቆመ። ሻጩን «ወንድሜ፣ የትኛውን መድኃኒት?» አልኩት። «ሁሉንም ነው እህቴ፣ ሸክላ አይደል እንዴ፣ ሸክላ ሁሉን ይመጥጣል» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው፣ ልጁ የሚያምንበትን ነው የሚሸጠው። እኔም ገዛሁት፣ ግማሹ ለእማዬ፣ ግማሹ ለመፈተን።

በመጀመሪያ ዕቃውን ላሳያችሁ። ክዳን ያለው የ20 ሊትር ባልዲ ነው፣ ከታች ቧንቧ አለው። ባልዲው አፍ ላይ የአበባ መትከያ የመሰለ የሸክላ ማሰሮ ይንጠለጠላል። ውሃውን ማሰሮው ውስጥ ትሞላላችሁ፣ እየሰረገ ወደ ባልዲው ይወርዳል፣ ከቧንቧው ትቀዳላችሁ። ከዚህ ሌላ ግራጫ ዱቄት የያዙ 10 ትናንሽ ፓኬቶች አሉት፣ እያንዳንዱ 10 ግራም። አንዱን ፓኬት በ10 ሊትር ውሃ አማስሉ፣ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ ማሰሮው አፍስሱ ይላል። 2,800 ብር ብሎኝ በ2,600 ተስማማን።

የማሰሮው አሠራር ቀላል ነው። የሸክላ አፈር ከተነፋ ሰጋቱራ ጋር ይቦካና ይቃጠላል። ሰጋቱራው ነድዶ ሲያልቅ በቦታው ዓይን የማያየው ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል። ውሃው ያልፋል፣ ደለልና አብዛኛው ባክቴሪያ አያልፍም። በእኛ አገር የተጀመረ ነገር አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ጓቲማላ ውስጥ የተሠራ ንድፍ ነው፣ አሁን ብዙ ድሃ አገሮች ውስጥ ሸክላ ሠሪዎች ያመርቱታል። ቫይረስ ግን ከቀዳዳው በጣም ስለሚያንስ ሊያልፍ ይችላል፣ ስለዚህ ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ያለበት ቤት ውስጥ ክሎሪን መጨመር ወይም ማፍላት አይቅር።

በቤቴ ያየሁት እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙሌቶች ደፋሁ፣ አፈር አፈር ይላሉ። ከሦስተኛው ጀምሮ ጣዕሙ ጥሩ ሆነ፣ እማዬ «የድሮ የእንስራ ውሃ ነው የሚመስለው» አለችና ከዚያ ወዲህ ሌላ ውሃ አልጠጣም ብላለች። በስልኬ ሰዓት ይዤ ስለካው በሰዓት ሁለት ሊትር ያህል ያወርዳል። በሦስተኛው ሳምንት ከአንድ ሊትር በታች ወረደ፣ ውስጡን ያለ ሳሙና በብሩሽ ፈትጌ ሳጥበው ተመለሰ። ክረምት ላይ፣ ቧንቧ ጠፍቶ የጉድጓድ ውሃ ስንቀዳና ውሃው እንደ ሻይ ሲሆን፣ በየሳምንቱ መፈተግ ይፈልጋል። ለአራት ሰው ቤት ግን ማታ ሞልቶ ማደር በቂ ነው።

ለመጠጥ ውሃነቱ እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ።

ውሃ ውስጥ ያለ የመድኃኒት ቅሪት ተራ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የምንውጠው መድኃኒት ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ሜትፎርሚን አብዛኛው እንዳለ በሽንት ይወጣል። ሲፕሮ የምንለው አንቲባዮቲክም (ሲፕሮፍሎክሳሲን) ከግማሽ የማይተናነሰው ሳይለወጥ ይወጣል። ከዚያ መጸዳጃ ቤት፣ ከዚያ ቦይ፣ ከዚያ ወንዝ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ተመራማሪዎች በ104 አገሮች የሚገኙ 258 ወንዞችን ለ61 ዓይነት ንጥረ ነገሮች መርምረው ነበር። በአማካይ ከፍተኛ የመድኃኒት መጠን ከተገኘባቸው ከተሞች አንደኛዋ የፓኪስታኗ ላሆር፣ ሁለተኛዋ የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የራሳችን አዲስ አበባ ናት። በሊትር 51.3 ማይክሮግራም። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነበርኩ፣ ከኋላዬ ያለውን መደርደሪያ ዞሬ አየሁት። ከግማሽ በላይ በሆኑት ናሙና ቦታዎች ከተገኙት ውስጥ ካፌይንም አለበት፣ ለቡና አገር ሰው ይሄ ራሱ ይገርማል።

ግን ሰው ሳላስደነግጥ ልናገር። ይሄ የወንዝ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይደለም። አንድ ሰው ያንኑ የወንዝ ውሃ በቀን ሁለት ሊትር ቢጠጣ እንኳ ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ክኒን ያህል ለመውሰድ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ጉዳዩ መድኃኒት ጠጥታችሁ ትታመማላችሁ አይደለም። ችግሩ ያለው ወንዙ ውስጥ ነው። ባክቴሪያዎች ቀን ከሌት በትንሽ በትንሹ አንቲባዮቲክ እየቀመሱ መላመድን ይማራሉ፣ ከዚያ እኔ ለታመመ ልጅ ሲፕሮ ሳስረክብ አይሠራም። እንስሳትም አይተርፉም። ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ጥንብ አንሳዎችን በጅምላ ጨርሷቸዋል። የሞተ ከብት ሲበሉ ኩላሊታቸው ይቆማል። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ ሕንድ ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው በ2006።

እንግዲህ ሸክላ ይሄን ያወጣል ወይ?

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛ ሸክላ የምንለው ሁለት ነገር ነው። እሳት ያልነካው አፈርም ሸክላ ነው፣ የተቃጠለው ማሰሮም ሸክላ ነው። ለመድኃኒት ቅሪት ግን ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ጥሬው የሸክላ አፈር በጣም ቀጫጭን ገጾች ያሉት መጽሐፍ አድርጋችሁ አስቡት። ከሁሉም የሚደንቀው ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው ማዕድን ነው፣ ቤንቶናይት በሚባለው አፈር ውስጥ በብዛት ያለው እሱ ነው፣ እኛም አገር አፋር ውስጥ ይገኛል። ገጾቹ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አላቸው። ያንን ለማመጣጠን በገጾቹ መሃል እንደ ሶዲየምና ካልሲየም ያሉ ፖዘቲቭ ነገሮች ተቀምጠዋል፣ ግን የተቀመጡት እንደ እንግዳ ነው፣ የበለጠ የሚጣበቅ ፖዘቲቭ ነገር ሲመጣ ተነስተው ቦታውን ይለቃሉ። ውሃ ሲገባ ገጾቹ ይከፈታሉ፣ አፈሩም ያብጣል። የአንድ ግራም ሞንትሞሪሎናይት ገጾች ቢዘረጉ ከ700 እስከ 800 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ። ፓኬቶቹ ውስጥ ያለው ግራጫ ዱቄት ይሄው ጥሬ ሸክላ ነው፤ ያቺ የ10 ግራም ፓኬት የእግር ኳስ ሜዳ ያህል መቀመጫ አላት ማለት ነው።

ገበሬ ቤተሰብ ያላችሁ ይሄን ነገር ታውቁታላችሁ። መረሬ መሬት ነው፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ የምንለው። በጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጥና ጫማ ይነጥቃል። ያ ማበጥና መሰንጠቅ የእነዚያ ገጾች መከፈትና መዘጋት ነው። ቀዩ አፈራችን ግን ሌላ ነው፣ በውስጡ የሚበዛው ካኦሊናይት የሚባል ነው፣ ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ ውሃ አይከፍታቸውም፣ መቀመጫውም በጣም ጥቂት ነው።

መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ሲፕሮ ስንሰጥ ከወተት ወይም ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አትውሰዱ የምንለው ለምንድን ነው? ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ስለሚይዙት ነው። ለተቅማጥ የሚሰጥ የሸክላ ዱቄት መድኃኒትም አለ፣ እሱንም ከሌላ መድኃኒት ጋር አብራችሁ አትውሰዱ እንላለን፣ ምክንያቱም ሌላውን መድኃኒት ይዞት ይወጣል። ሆድ ውስጥ ችግር የሆነው ጠባይ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ሲሆን ጥቅም ይሆናል።

የተቃጠለው ግን ይሄን ሁሉ ያጣል። ይህንን ያስረዳችኝ ገበያ ጀበና የምትሸጥ አንዲት እናት ናት። «እትዬ፣ የተሰበረ ጀበና ፈጭታችሁ መልሳችሁ ጭቃ ማድረግ ትችላላችሁ?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ልጄ፣ አንዴ እሳት የገባ አፈር ወደ ጭቃ አይመለስም፣ ሞቷል» አለችኝ። ካኦሊናይት ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ በውስጡ የታሰረውን ውሃ ይለቅና መዋቅሩ ይፈርሳል። የሸክላ ምድጃ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ማሰሮው ወንፊት ነው። ባክቴሪያ ትልቅ ስለሆነ ይያዛል፣ ውሃ ውስጥ የሟሟ መድኃኒት ግን ከዚያ ቀዳዳ በሺህ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ከውሃው ጋር አብሮ ይወርዳል።

ቃል ብቻ እንዳይሆን ቤት ሞከርኩት። ላቦራቶሪ የለኝም፣ ነገር ግን ጂቪ አለን። ለልጆች አፍ ቁስል የሚቀባውን ያንን ወይን ጠጅ መድኃኒት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጂቪ ፖዘቲቭ ነው፣ ሲፕሮም ፖዘቲቭ ጫፍ አለው፣ ስለዚህ ጂቪ እሱን ተክቶ ያሳየናል ብዬ ነው። የሚጣሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ላይ ነው የሠራሁት፣ እናንተም ብትሞክሩ በምትበሉበት ዕቃ አታድርጉት፣ ውሃውንም ማንም እንዳይጠጣው።

አራት ጠርሙስ ውሃ፣ በእያንዳንዱ አንድ ጠብታ ጂቪ። አንደኛውን እንዳለ ተውኩት። ሁለተኛው ላይ ግራጫውን ዱቄት በሻይ ማንኪያ ጨመርኩ። ሦስተኛው ላይ ዘመድ ከገጠር ያመጣልኝን መረሬ ወቅጬና ነፍቼ ጨመርኩ። አራተኛው ላይ ደግሞ የተፈጨ የማሰሮ ስባሪ፣ ስባሪው ከየት እንደመጣ ኋላ እነግራችኋለሁ። ሁሉንም አንድ አምስት ደቂቃ በደንብ ናጥኩና አሳደርኳቸው።

ጠዋት ሳየው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ዱቄቱ ያለበት ውሃ ንጹህ ነበር፣ ወይን ጠጁ ሁሉ ከታች ጭቃው ላይ ተኝቷል። መረሬውም እንዲሁ፣ ውሃው ትንሽ ደፍረስ ቢልም ወይን ጠጅ የሚባል ቀለም አልቀረበትም። በነጻ የመጣ አፈር! ስባሪው ያለበት ግን ትንሽ ፈዘዝ ከማለት በስተቀር ወይን ጠጅ እንደሆነ አደረ።

ቀጥሎ ያደረግሁት ነው ልቤን ዝቅ ያደረገው። ቀይ የኬክ ቀለም ገዛሁ። እነዚህ የምግብ ቀለሞች ባብዛኛው ኔጌቲቭ ናቸው። ያንኑ ግራጫ ዱቄት ጨምሬ ናጥኩ፣ አሳደርኩ። ጠዋት ዱቄቱ ከታች ረግቷል፣ ውሃው ግን ቀይ ነው፣ እንደነበረው። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ተራ ውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ ናቸው። ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ይገፋፋል። ያንን ጥንብ አንሳ የጨረሰውን መድኃኒት፣ እኛ በየቀኑ ለወገብ ሕመም የምናስረክበውን፣ ይሄ ዱቄት ዝም ብሎ ያሳልፈዋል ማለት ነው። ቀለም መድኃኒት አይደለም፣ የእኔ ሙከራ ቻርጁን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ በዚህ ነጥብ ላይ ግን የሳይንሱ ጽሑፎች የሚሉትም ይሄንኑ ነው፦ ጥሬ ሞንትሞሪሎናይት ሲፕሮንና ቴትራሳይክሊን የሚባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ አጥብቆ ይይዛል፣ ዳይክሎፌናክ ላይ ደካማ ነው።

መፍትሔ የለውም አይደለም። የሸክላውን ገጾች ረጅም ጭራ ባለው ፖዘቲቭ ኬሚካል ሲለብሷቸው ጠባዩ ይገለበጥና ዳይክሎፌናክንም መያዝ ይጀምራል። ግን ያ ኬሚካል ራሱ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ሊፈታ ይችላል፣ ስለዚህ የወጥ ቤት ሥራ አይደለም። አክቲቬትድ ካርቦን (በልዩ መንገድ የተዘጋጀ ከሰል) ብዙ ዓይነት መድኃኒት ይይዛል፣ ዋጋው ግን ከአፈር ጋር አይወዳደርም። ለቡና የምናቀጣጥለው ከሰል ያው ካርቦን ነው ብላችሁ እንዳትጨምሩ፣ ያ አልተዘጋጀም። ማፍላትም ቢሆን ጀርም ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን አያወጣም።

ስለ ዱቄቱ ሌሎች ቅሬታዎቼንም ልናገር። ወረቀቱ አንድ ሰዓት ጠብቁ ይላል፣ በእኔ ቤት አንድ ሰዓት ፈጽሞ አልበቃውም። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሆኑ ቶሎ አይረጉም፣ ሳይረጋ ስታፈሱት ደግሞ የማሰሮውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ሌሊቱን ማደር አለበት። የጉድጓድ ውሃችን ካልሲየም ሲበዛበት ደግሞ መቀመጫውን ካልሲየሙ ቀድሞ ይይዘዋል፣ ለመድኃኒቱ የሚተርፈው ያንሳል። ከሁሉም የከፋብኝ ግን የተጠቀምንበትን ጭቃ የት እንደምንጥለው አንድም ቃል አለመጻፉ ነው። ሸክላ መድኃኒቱን አያጠፋውም፣ ይይዘዋል ብቻ። ጭቃውን ቦይ ውስጥ ከደፋችሁት ዝናቡ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወስደዋል፣ አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያ ወደ ጊልገል ጊቤ ወንዝ። ያወጣነውን መልሰን ላክነው ማለት ነው።

ለዚህ ነው ፓኬቱ ቤት ውስጥ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው ሥራው ብዬ የማምነው። እንደ ሲፕሮ ያሉ አንቲባዮቲኮች የሆስፒታል ፍሳሽ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ውሃው ገና ከወንዙ ሳይቀላቀል፣ መጠኑ ትንሽ፣ ቅሪቱ ደግሞ ብዙ ሆኖ ሳለ በሸክላ ገንዳ ቢያልፍ፣ ጭቃው ተሰብስቦ በባለሙያ ቢቃጠል፣ ያኔ አፈሩ ዋጋ ይኖረዋል። ጅማ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሁሉ አላት። ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፣ መረሬው አለ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ አሉ። ዩኒቨርሲቲያችን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው በ1952 የተቋቋመው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው ነው። አፈር የሚያውቀውና መድኃኒት የሚያውቀው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ከያዙ ቆይተዋል። ይህን የምታነቡ ተማሪዎች ካላችሁ፣ የመመረቂያ ርዕስ ስታጡ የአካባቢያችሁን መረሬ ውሰዱና በእውነተኛ መሣሪያ ፈትሹት፣ እኔ በጂቪና በጠርሙስ ነው የሞከርኩት።

ስለ ሱቁ። የመጀመሪያው ማሰሮ በዘጠነኛው ቀን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አወጣ። ያወቅሁት ውሃው ድንገት መፍጠን ሲጀምር ነው፣ ማሰሮው ከመቼውም በላይ ከፈጠነ ደስ አይበላችሁ፣ ተሰንጥቋል። ወስጄ ሳሳየው ልጁ ሳያንገራግር ቀየረልኝ፣ የተሰነጠቀውንም ውሰጂው አለኝ፣ አራተኛው ጠርሙስ ውስጥ የገባው እሱ ነው። ወረቀቱን በተመለከተ ጠርሙሶቹን በዘንቢል ይዤለት ሄጄ ባንኮኒው ላይ ደረደርኳቸው። ቀዩን አንስቶ ብርሃን ላይ ይዞ ብዙ ቆየ። «እህቴ፣ እኔም የተነገረኝን ነው የነገርኩሽ» አለኝ። አምራቹን እንዲጠይቅልኝ ስልኬን ሰጥቼዋለሁ፣ እስካሁን አልተደወለልኝም።

መግዛት ለምትፈልጉ፦ ባልዲውንና ማሰሮውን ያለ ፓኬት እንዲሸጥላችሁ ጠይቁ፣ ለእኔ ጎረቤት በ2,200 ሰጥቷታል። ከመግዛታችሁ በፊት ማሰሮውን በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ በጣታችሁ አንኳኩት፣ ጀበና ስትገዙ እንደምታደርጉት። ጥርት ብሎ ከጮኸ ውሰዱት፣ ድምፁ ከታፈነ ሌላ አስመጡ። የቧንቧውን ጎማም እዚያው ውሃ አስሞልታችሁ እዩት፣ የእኔ ያንጠባጥብ ነበር፣ በ30 ብር ጎማ ተስተካከለ።

የተረፉኝ ስድስት ፓኬቶች መድኃኒት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አሉ። ያንን ሙከራ ማየት የሚፈልግ ካለ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ ይምጣ፣ ጂቪውም ቀዩም ቀለም አለ።